የወተት ቦቴዋ ቢጫ መብራት

መንጃ ፈቃዴን ለማሳደስ የዓይን ምርመራ የሄድኩ ዕለት ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ በዘንግ እየጠቆመች፣ “አባባ፣ ይቺኛዋ ወደየት ነው የምታየው?” አለችኝ። ምልክቷ ለእኔ ጭጋግ ውስጥ እንደቆመች ላም ነበረች። መኖሯን አያለሁ፤ ፊቷ ወደየት እንደሆነ ግን አላውቅም። “ወደ ላይ” አልኩ በግምት። ሌላ አሳየችኝ፤ እሱንም ገመትኩ። ዘንጉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ በትሕትና፣ “ከእንግዲህ ባይነዱ ይሻልዎታል” አለች። የሾፌርነት ዘመኔን የዘጋችው ይቺ አጭር ቃል ናት።

የነዳሁት በሦስት ከተሞች ነው፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ በመጨረሻም ሱሉልታ። ሦስቱም አዲስ አበባን ከዳር ከዳር የያዙ ከተሞች ናቸው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን አጠገብ ስለሆነ በአንዳቸውም ውስጥ የአገር ልጅ አልተባልኩም። አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሐዋሳ አግብታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ባለቤቴ ቡራዩ ሳለን አረፈች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከሞተር ድምፅ ጋር የኖርኩ ይመስለኛል።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ኦቦ ገመቹ ነው። ሰበታ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሾፌሮች አለቃ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ፊት ለፊት አንቱ እያልኩት ኖሬ አሁን ሳወራው አንተ የምለው ስለቀረበኝ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር መኪና ከመግባቱ በፊት ደጃፉ ላይ ይቆምና የቀኝ ጫማውን ሶል በጨርቅ ይጠርጋል። መጀመሪያ ንጽሕና መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ “ጭቃ የነካው ጫማ ፔዳል ላይ ይንሸራተታል። አንዴ ከተንሸራተተ ሁለተኛ ጊዜ የለህም” አለኝ። ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ደግሞ ዝም ብሎ ዳሽቦርዱን ያያል። የሚበሩትን መብራቶች አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ሲጠፉም ያያቸዋል። “የማይበራ መብራት ከሚበራው ይከፋል” ይል ነበር። በቆመ ቁጥር ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያስጠጋል፤ የጋለ ፍሬን ከሽታው በፊት በሙቀቱ ይታወቃል።

በመጀመሪያው ክረምት ከሰበታ ወደ ፉሪ ስንወርድ አንዲት በሬ የጫነች ትንሽ መኪና ድንገት ፊቴ ቆመች። በሙሉ ኃይሌ ፍሬን ረገጥኩ። ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ መኪናው እንደ ሳሙና መንሸራተት ጀመረ። መሪውን ወደ ቀኝ ባዞር ምንም የለም፤ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ወደ በሬው ይሄዳል። ኦቦ ገመቹ አጠገቤ ተቀምጦ ድምፁን እንኳን ሳይጨምር፣ “ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ። እግርህን አንሳ” አለኝ። ፍሬን አጥቶ የሚሄድ መኪና ላይ እግር ማንሳት ከገደል አፋፍ እጅ እንደመልቀቅ ነው። ቢሆንም አነሳሁ። ጎማው ዞረ፣ መሪው ነፍስ ዘራ፣ በሬውን አልፈነው ሣር ላይ ቆምን። ወርዶ የእጁን ጀርባ ወደ ጎማው አስጠጋና፣ “ጎማው ካልዞረ መሪው ጌጥ ነው። ፍሬን የሚያዘው በርቀት ነው እንጂ በእግር አይደለም” አለኝ። ከሰበታ ይዤ የወጣሁት ሀብት ይህ ነው።

ቡራዩ የታሸገ ውኃ ሳከፋፍል ኖርኩ። ደመወዙ ከሰበታው ትንሽ ይሻላል፤ ሌላ የሚወራ ነገር የለውም። እዚያ ጀማልን አወቅሁ፤ ከተማው ውስጥ ጋራዥ ያለው፣ ፍሬን የሚባል ነገር የሚያውቅ መካኒክ ነው። ባለቤቴ ስትሞት ድንኳኑን የተከለልኝ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ቤት አላስቀመጥ አለኝና ሱሉልታ ላለ የወተት ድርጅት ተቀጠርኩ።

ወተት መንዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሙሉ ቦቴ ይከብዳል እንጂ ጨዋ ነው። ጎዶሎ ቦቴ ግን ሕይወት አለው። ፍሬን ስትይዝ ወተቱ ወደፊት ይሮጥና ቦቴውን ከውስጥ ይመታዋል፤ ቆምኩ ስትል ሰው ከኋላህ እንደገፋህ ሆነህ ወደፊት ትሄዳለህ። ከሱሉልታ የሚነሳው መንገድ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከእንጦጦ ጫንቃ ላይ በባሕር ዛፍ መሐል እየተጠማዘዘ ወደ አዲሱ ገበያ ይወርዳል። ክረምት ከሆነ ጭጋግ አለ፤ ከዝናቡ ጋር በረዶ የሚወርድበት ቀን አለ፤ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል አስፋልቱን ቅባት ያስመስለዋል። ረዳት አልነበረንም፤ ሾፌሩ ብቻውን ነው። ማለዳ ከገበሬዎቹ ዘንድ ወተት እሰበስባለሁ፣ “አካም ቡልቴ” (እንደምን አደርክ) እንባባላለን፣ ከዚያ ወዲያ ከተማ እስክደርስ የሰው ድምፅ አልሰማም።

አዲሷ መኪና የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ኤቢኤስ የሚሉት ነገር ነበራት። አሠራሩ ቀላል ነው። በየጎማው ሥር የጎማውን መዞር የምትከታተል ሴንሰር አለች። በኃይል ረግጠህ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ሴንሰሯ ታውቃለች፤ ፍሬኑ በራሱ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ያኔ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። የድሮ ሾፌር ይደነግጥና እግሩን ያነሳል፤ ማንሳት የለበትም። ረግጦ መያዝና መሪውን ማዞር ነው ያለበት። እኔ ይህን ልማዴ ለማድረግ ባዶ ሜዳ ላይ በጭቃ ደጋግሜ መለማመድ ነበረብኝ፤ እግሬ የኦቦ ገመቹን ትምህርት አልረሳ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር።

ወተት የሚሰበሰብበት መንገድ ግን ጭቃና እበት ነው። ሴንሰሮቹ ይደፈናሉ። በተደፈኑ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ትበራለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በውኃ አጥባቸዋለሁ፣ ትጠፋለች። አንድ ክረምት ላይ ግን ባጥባትም አልጠፋ አለች። የኋላ ቀኝ ሴንሰር ሞታለች። መብራቷ ስትበራ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ፍሬኑ አለ፤ ጥበቃው የለም። በደረቅ መንገድ ልዩነቱ አይታይህ ይሆናል፤ በእርጥብ ቁልቁለት ግን ረግጠህ ከያዝክ ጎማው ይቆለፋል።

የስምሪት ኃላፊያችን አቶ መኮንን ይባላል። ቢሮው ገብቼ ነገርኩት።

“ፍሬኑ አይዝም?” አለኝ።

“ይይዛል።”

“ታዲያ?”

“በዝናብ ያንሸራትታል። ሴንሰር መለወጥ አለበት።”

“ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። እስኪመጣ አንተ ጎበዝ ሾፌር ነህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ።”

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፤ መኪናዋን የሚይዛት ሞተሩ ይሆናል። ከፊቴ ካለው መኪና የምርቀው በፊት ከምርቀው እጥፍ ነው። ኩርባው ሳይደርስ በስሱ እይዝና ኩርባው ውስጥ እለቃለሁ። ጎማው ሲነክስ ከተሰማኝ አነሳለሁ፣ እንደገና እይዛለሁ። ቢጫዋ መብራት ፊቴ እየበራች ሰኔና ሐምሌን እንዲህ አለፍኳቸው። እውነቱን ለመናገር ለመድኳት። በዚያ ጭጋግ ውስጥ እውነቱን የምትነግረኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊወሰድ ነው ተብሎ ተቃውሞ ከተነሳ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ በድንጋይ ዝግ ነበር። በተዘጋ ቀን ገበሬዎቹ የታለበውን ወተት ለጥጃ ይመልሱታል፤ የተረፈውን ይደፉታል። ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቀንሳል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ማን ምን እንደሚያስብ ስለማይታወቅ ሁሉም ወደ ብርጭቆው ያያል፤ እኔም ወደ ብርጭቆዬ አያለሁ። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ብዙ አይርቅም። ብዙ ሰው መሐል ተቀምጬ ብቻዬን የሆንኩባቸው ወራት ነበሩ።

ነሐሴ ላይ አሮጌዋን መኪና ለጥገና ጀማል ጋራዥ ይዤ እንድሄድ ታዘዝኩ። ቡራዩ በገባሁ ማግስት መንገዱ ተዘጋ። አዲሷን ቦቴ በእኔ ፈንታ የያዛት ስንታየሁ የሚባል ሾፌር ነው። ከመጣ ብዙ አልቆየም፤ ሳቂታ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ከዚያ በፊት አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ዘመናዊ መኪና ሲነዳ ስለነበር ኤቢኤስን ከእኔ ይልቅ እሱ ያምነዋል። “ጋሼ፣ ዝም ብለህ ርገጥ፤ ቀሪውን መኪናው ያውቃል” እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቢጫዋን መብራት ካየ ይጠነቀቃል ብዬ አልሰጋሁም።

ጋራዡ ውስጥ ጀማል የአሮጌዋን ፍሬን ሸራ እየፈታ፣ “ያቺኛዋስ ምርመራውን አለፈች?” አለኝ።

“የትኛዋ?”

“አዲሷ ናታ። ከትናንት ወዲያ ማታ ሱሉልታ መጥቼ የቢጫዋን መብራት አምፖል አወጣሁላት እኮ። አቶ መኮንን ዓመታዊ ምርመራው ደርሷል፣ መብራቱ ከበራ አያሳልፏትም፣ ሴንሰሩ እስኪመጣ አውጣው አለኝ። ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ ብሎኛል።”

እኔ አልተነገረኝም። ስንታየሁ እንዳልተነገረውም ያኔውኑ ገባኝ። መብራቷ ካልበራች ለስንታየሁ መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ረግጦ ይይዛል። ጀማልም ፊቴን አይቶ መፍቻውን አስቀመጠ። ስልክ ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የለም። ከጎረቤት ሱቅ ሞከርን፤ የለም።

በእግሬ ወጣሁ። ዝናቡ አልቆመም። ወደ አስኮ የሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ወጣቶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ወደ እኔ መጣ። “አባባ፣ ወዴት ነው?”

“ሱሉልታ። የሥራ ባልደረባዬ የፍሬን ችግር ያለበት መኪና ይዟል፤ አያውቅም። ልነግረው ነው።”

“በእግርህ?”

“ሌላ ምን አለኝ?”

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላቸውና፣ “በዳር በኩል እለፍ፣ ጭሱን ሽሽ” አለኝ።

ከአስኮ ታክሲ አገኘሁ፤ አዲሱ ገበያ ደረስኩ። ከዚያ ወዲያ የሚወጣ ታክሲ የለም፤ መንገዱ ከላይ በኩል ተዘግቷል አሉ። ዳገቱን በእግሬ ተያያዝኩት። መንገድ ዝግ ከሆነ ስንታየሁ አልወጣም ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በግራዬ ባለው ቦይ የክረምቱ ቡኒ ጎርፍ ይወርዳል። ጥቂት እንደወጣሁ ጎርፉ መልኩን ቀየረ። መጀመሪያ እንደ ሻይ በወተት ሆነ፤ ከዚያ ነጣ፤ ከዚያ ጭራሽ ነጭ ሆኖ መጣ። ቆምኩ። መኪናዋን ገና ሳላይ ሁሉንም አየሁት።

ከኩርባው ቀጥሎ በጎኗ ተኝታለች። ከፊቷ አስፋልቱ ላይ የድንጋይ ረድፍ አለ። ስንታየሁ መንገዱ ሳይዘጋ ላምልጥ ብሎ ቸኩሎ ወጥቶ ነበር፤ ከኩርባው ሲወጣ ድንጋዩን አየ፣ እንደለመደው ረግጦ ያዘ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ ጎዶሎው ወተት ከኋላ ገፋው። የፊተኛው ክፍል የቦዩ ግንብ ላይ ተጨፍልቋል። ድንጋዩን የደረደሩት ወጣቶች ናቸው ጎትተው ያወጡት። መንገድ ዳር አጋድመው የአንዱን ጃኬት አልብሰውታል፤ ሌላው ጥላ ይዞለታል። ግራ እግሩን ማየት አልቻልኩም፤ ፊቱን ብቻ አየሁ።

አወቀኝ። “ጋሼ፣ ረገጥኩ” አለ። “ረግጬ ያዝኩ። መሪውን አዞርኩ። እምቢ አለችኝ።”

“አንተ አይደለህም” አልኩት። “መብራቷን አውጥተውባት ነው። አንተ አይደለህም።” ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም። ከላይ የመጣች አንዲት ፒካፕ ልትጭነው ስትቀርብ፣ ወጣቶቹ ራሳቸው የደረደሩትን ድንጋይ ራሳቸው አንስተው መንገድ ከፈቱላት።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የትራፊክ መርማሪው ሲጠይቀኝ የማውቀውን ተናገርኩ። ሴንሰሯ መሞቷን፣ አምፖሏ መውጣቷን፣ ማን እንዳዘዘ። ጀማል ሲጠየቅ “እኔ ያቺን መኪና አልነካሁም” አለ። ድንኳን የተከለልኝ ሰው ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ቀሪው ተስፋ ስንታየሁ ነበር። መርማሪው ሆስፒታል ሲሄድ እኔም ነበርኩ። ስንታየሁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ “ቁልፍ ስከፍት መብራቷ በርታ ትጠፋ ነበር። ችግር አልነበረባትም። ፍጥነቴ ነው” አለ። መርማሪው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ስንታየሁ ማጅራት አየሁ። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ድርጅቱ የሕክምናውን ወጪ ቻለ፤ ሲድን በር ጠባቂ አድርጎ መለሰው።

መንገዱ ሲከፈት ሰበታ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ወጥቶ ፉሪ በኩል የአባቱን መሬት እያረሰ ነበር። የመሬት ቅየሳው ደርሶበት ጤፉ መሐል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። የወንድሙ ልጅ ታስሯል፤ ወንዶች ልጆቹ ቤት አያድሩም። ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። የእኔን ጉዳይ አወራሁለት፤ ቁጣዬን ሁሉ ዘረገፍኩት።

“ሄጄ ስንታየሁን ፊት ለፊት ልጠይቀው ነው” አልኩት። “ለእሱ ብዬ ተናግሬ እኔን ውሸታም አደረገኝ። ምን ይሉታል ኦቦ?”

“እግሩ ተሰብሯል” አለ። “አንተ ደግሞ አፉን ልትሰብርበት ነው? ተወው።”

“እውነቱስ?”

“አንተ ታውቀዋለህ፤ እሱም ያውቀዋል። ለጊዜው ይበቃል።” ወደ ችካሉ ጠቆመኝ። “እኔም መሬቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።”

የዚያን ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ሸኘኝ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየሁትም። ሲሞትም መርዶው የደረሰኝ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ለቅሶ ሄጄ ልጆቹ ማን እንደሆንኩ አላወቁም።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም። አቶ መኮንን አላባረረኝም፤ ራቅ ያለውንና ጭቃ የበዛበትን መስመር ሰጠኝ። ሌሎቹ ሾፌሮች ምሳ ሰዓት ላይ ስቀመጥ ጨዋታ ይቀይራሉ። የድርጅቱን ስም የሚያጠፋ ተብዬ ነበር። አቶ መኮንን ራሱ ኋላ ሌላ ቦታ ሄደ፤ ዝምታው ግን ከእሱ ጋር አልሄደም። በየማለዳው ወደ በሩ ስጠጋ ስንታየሁ በክራንቹ ተደግፎ ይወጣል፣ በሩን ይገፋል። “እንደምን አደርክ ጋሼ።” “እግዚአብሔር ይመስገን።” አልፋለሁ። ማታም እንዲሁ። ዓመታት የሄዱት በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። ስለ ዝናቡ እንኳን ተነጋግረን አናውቅም።

የዓይን ምርመራውን ውጤት ካመጣሁ በኋላ ቢሮው በሳምንቱ መጨረሻ አሰናበተኝ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ እጄን ጨብጦ “ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን” አለኝ፤ ስሜን ግን አንዴ ወረቀቱ ላይ አይቶ ነው የጠራው። ከቁም ሳጥኔ የነበሩኝን ጥቂት ዕቃዎች፣ የዝናብ ልብሴንና ቦቲ ጫማዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እያካፋ ነበር። በእግሬ ወደ በሩ ስመጣ ስንታየሁ ከጥበቃ ቤቱ ወጣ።

“ዛሬ በቃ አሉ” አለኝ።

“በቃ። ዓይኔ ነው።”

በሩን ከፈተልኝ፤ ግን ከመሐሉ አልተነሳም።

“ጋሼ፣ ያኔ ሆስፒታል የተናገርኩት…”

“ተወው ስንታየሁ።”

“አልተውም። በሩን በከፈትኩልህ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ። አቶ መኮንን አልጋዬ ድረስ መጥቶ፣ ወይ የኔ ጥፋት ነው በል፣ ወይ ሕክምናህን ራስህ ቻል አለኝ።”

“አውቃለሁ።”

ክራንቹ ላይ ተደግፎ አየኝ። “ታውቅ ነበር?”

“እዚያው ሆስፒታል ባይገባኝም፣ ብዙ ሳይቆይ ገብቶኛል።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?” አለ። “እኔ እኮ የምትጠላኝ መስሎኝ ነው ቀና ብዬ የማላይህ።”

አፉን አልሰብርም ብዬ ዝም ያልኩት እኔ፣ እሱን ምን ውስጥ ትቼው እንደኖርኩ አላሰብኩም ነበር። ዝናቡ ጠንከር አለ። ስንታየሁ ክራንቹን አስተካክሎ ከበሩ ወጣና በጎኔ ቆመ። “ታክሲ ተራ ድረስ ልሸኝህ” አለ።

“ሥራ ላይ ነህ እኮ።”

መራመድ ጀመረ፤ እኔም እርምጃዬን ከክራንቹ ጋር አስተካክዬ ተከተልኩት። ከኋላችን የግቢው በር ወለል ብሎ ቀረ። ከውስጥ አንድ ሰው፣ “ስንታየሁ! በሩን! ማን ሊዘጋው ነው?” እያለ ይጮኻል። ስንታየሁ ዞር ሳይል ነጻ እጁን ዘርግቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።